ስንት ኪሎ? የምን ኪሎ?

ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ፍትሕን ከሕግ መጽሐፍ አይማርም። በበዓል ማለዳ በሬው ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሥጋው በተነጠፈው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ሲደለደል ዙሪያውን የቆሙት አባወራዎች ዓይን ከየትኛውም ኦዲተር ዓይን ይበልጣል። «ለዚህኛው ሻኛ አልደረሰውም።» «ያኛው አጥንት በዝቶበታል፤ ከሽንጡ ቆረጥ አድርግለት።» «ጉበቱን አስተካክለው እንጂ፣ ጎበዝ!» ከታላቁም፣ ከታናሹም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም ካልደረሰ ዕጣ አይወጣም። እስቲ አንዱ ብልጥ ተነሥቶ፣ «ምን ያጨቃጭቀናል? ሚዛን አምጡና ለእያንዳንዳችን 15፣ 15 ኪሎ ይመዘንልን» ይበል። ይሳቅበታል። የምን 15 ኪሎ? የቅልጥም? የጮማ? የሞራ?

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን በሬው ላይ ያበቃል። ራሳችንን ልንመዝን ስንወጣ ያን ሁሉ ምርመራ ቤት ጥለነው እንሄዳለን። አዲስ አበባ ውስጥ በእግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም። ጃኬታችንን ሳናወልቅ፣ የቁልፍ ዘለላችን ከኪሳችን ሳይወጣ፣ የበላነው ምሳ ሳይንሸራሸር እንወጣበታለን። ምስጢር መጠበቅ የልጁ ሙያ አይደለምና ቁጥሩን ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ያውጃል፤ «78!» ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ወይ ኩሩ ወይ ኀዘንተኛ ሆነን እንውላለን። በበሬ ሥጋ ላይ «የምን ኪሎ?» ብሎ ሲሟገት ያረፈደ ሰው ስለ ራሱ ሲነገረው «የምን 78?» ብሎ አይጠይቅም።

እስቲ እኛ እንጠይቅለት። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ እንውሰድና በሐሳብ ብቻ መደብ መደብ አድርገን እንደልድለው። ማንም አይደንግጥ፤ ዕጣ አናወጣም። ትልቁ መደብ የጡንቻ ነው፤ ወደ 28 ኪሎ ይጠጋል። አጥንቱ ከነመቅኔው 10 ኪሎ ገደማ ነው። ስቡ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ቢሆን ማንም አይወቅሰውም። ደሙ 5 ሊትር ያህል፣ ቆዳው ከ3 ኪሎ በላይ፣ ጉበቱ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ፣ አንጎሉ 1.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስንት ዘፈን የተዘፈነላት ልብ ግን ከ300 ግራም ብዙም አትዘልም።

ይህንኑ ሰው በሌላ መዝገብ ብንቆጥረው ደግሞ 60 በመቶው፣ ማለትም 42 ሊትር ያህሉ ውኃ ነው። ውኃው የተከፋፈለው ግን በቅርጫ ሥርዓት አይደለም። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ውኃ ሲሆን ስብ ውኃን እምብዛም አያስጠጋም። መስታወት ፊት ክንዱን ወጥሮ «እዩልኝማ» የሚለው ጎረምሳ የሚያሳየን በአብዛኛው ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ሀብት አይደለም።

ጂም የሚመላለሱ ወዳጆቼ አንድ የማይለወጥ አባባል አላቸው፤ «ጡንቻ ከስብ ይከብዳል።» ኪሎ የጨመረ ሁሉ በዚህ ይጽናናል። ነገሩ እንዲሁ በጥሬው ሲባል አያስኬድም። አንድ ኪሎ ጡንቻም አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ኪሎ ስብም አንድ ኪሎ ነው። የሚለያዩት በሚይዙት ቦታ ነው። ትምህርት ቤት እፍግታ ብለው ያስተማሩን ይህንኑ ነበር፤ በአንድ ሊትር ቦታ ውስጥ ስንት ኪሎ ታጭቋል? አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር የሰው ስብ 900 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ጡንቻ 1 ኪሎ ከ60 ግራም ያህል ይሆናል። ጠጣሩ የአጥንት ክፍል ደግሞ በሊትር ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ስብ ከውኃ እንደሚቀል ለማመን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ዶሮ ወጥ የሠራች እናት ሁሉ ቅቤው ድስቱ አናት ላይ ተንሳፎ ስታየው አረጋግጣዋለች።

ሒሳቡን ገልብጠን ብናየው አንድ ኪሎ ስብ 1.1 ሊትር ቦታ ሲይዝ አንድ ኪሎ ጡንቻ 0.94 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ ሁለት ስኒ ቡና ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል። አንዲት ሴት ግን ክብደት ማንሳት ጀምራ፣ ወራት ቆይታ፣ 3 ኪሎ ስብ አራግፋ በምትኩ 3 ኪሎ ጡንቻ ብታወጣ ሰውነቷ በግማሽ ሊትር ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። «ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ የወር ክፍያ ለዚህ ነው?» ብላ ታኮርፋለች። እያኮረፈች ሳለ ሱሪዋ ከወገቧ እየወረደ በአንድ እጇ ይዛዋለች። ሚዛን አይዋሽም፤ ያልተጠየቀውን ግን አይመልስም።

ይህን ነገር በቁም ነገር ይዘው ከተከራከሩት አንዱ አልበርት ቤንኪ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ለጦር የሚመለመል ሰው በቁመትና በክብደት ሠንጠረዥ ይፈተሻል፤ ከሠንጠረዡ የተረፈ ሁሉ «ወፍራም ነህ፣ አትሆንም» ይባላል። ቤንኪና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ጥናት 25 ፕሮፌሽናል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን መረመሩ። በሠንጠረዡ ከተሄደ 17ቱ ለውትድርና ብቁ አይደሉም። አስቡት፤ ለጠብ ቀርቶ ለሰላምታ የሚያስፈሩ ጎረምሶች «ለጤናህ ስንል ቤትህ ተቀመጥ» ሊባሉ ነው።

እነ ቤንኪ ግን ሰዎቹን ውኃ ውስጥ ነክረው መዘኗቸው። ዘዴው የአርኪሜዲስ ነው። ሰውየው መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ይመዘናል። ከዚያም ከሚዛን ጋር ተያይዞ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጦ፣ አየሩን እስከቻለ ድረስ አውጥቶ፣ እስከነራሱ ውኃ ውስጥ ይገባል። ውኃው ወደ ላይ ስለሚገፋው እዚያ የሚነበበው ክብደት ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። በሁለቱ ክብደቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰውነቱ ስንት ሊትር ቦታ እንደያዘ ይናገራል፤ ሳንባው ውስጥ የቀረው አየር ይቀነስለታል። ኪሎው ለሊትሩ ሲካፈል እፍግታው ይወጣል። ተጫዋቾቹ ተለክተው ሲወጡ ሰውነታቸው ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ከሠንጠረዡ የተረፈው ኪሎ በአመዛኙ ቀይ ሥጋ እንጂ ጮማ አልነበረም። እነ ቤንኪ ቅርጫ ቢገቡ ኖሮ ይህን ለማወቅ ገንዳ ባላስፈለጋቸው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ዊልያም ሲሪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሥራውን በአንድ መስመር ቋጨው፤ 495ን ለእፍግታህ አካፍል፣ ከውጤቱ 450 ቀንስ፣ የቀረው የስብህ መቶኛ ነው። እፍግታው 1.07 የሆነ ሰው 12.6 በመቶ ስብ አለው ይባላል፤ 1.05 የሆነው ግን 21.4 በመቶ። ከነጥብ በኋላ ሁለተኛዋ አሃዝ በሁለት ስትነቃነቅ የሰውየው ጮማ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቀመሩ የሰውን ገላ ሁለት መደብ ብቻ ያደርገዋል፤ በ0.9 የሚታሰብ ስብና በ1.1 የሚታሰብ ሌላ ነገር ሁሉ። የሁሉም ሰው አጥንት እኩል ስላልጠነከረ፣ የሁሉም ሰው ውኃ እኩል ስላልሆነ ውጤቱ ጥሩ ግምት ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ይህ ሙከራ የሩቅ አገር ይምሰለን እንጂ በየሳምንቱ መጨረሻ ሶደሬ ላይ ይካሄዳል። ጂም የከረመው ባለ ሲክስ ፓክ ጎረምሳ ገንዳው ውስጥ ገብቶ በጀርባው ሊንሳፈፍ ሲል እግሩ ቀድሞት ይወርዳል፤ ትንፋሹን ካወጣማ ሌላውም ይከተላል። አጠገቡ አንድ አባት ቦርጫቸው ከውኃው በላይ እንደቀረ፣ ተንጋለው፣ እጃቸውን እንኳ ሳያንቀሳቅሱ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ያወራሉ። ጎረምሳው ይህን እንደ ግፍ ይቆጥረዋል። የወር ክፍያውን የከፈለ እሱ፣ የሚንሳፈፉት እሳቸው! ጡንቻና አጥንት ከውኃ ይከብዳሉ፣ ስብ ከውኃ ይቀላል፤ ገንዳው የፈረደው በዚህ ነው። ስብ ጥቅም የለውም የሚል ሰው ሶደሬ አልሄደም።

ጥቅሙ በዚያ አያበቃም። ስብ ቅዝቃዜ ይከላከላል፣ የውስጥ አካላትን ያቅፋል፣ ለክፉ ቀን ስንቅ ይይዛል፣ ሆርሞንም ያመነጫል። ቤንኪ ራሱ ባወጣው ግምት ለመኖር ግድ የሚለው ስብ ለወንድ ከክብደቱ 3 በመቶ፣ ለሴት 12 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ «ማን ቀድሞ ቦርጩን ያጠፋል» ብለው የሚወራረዱ ባልና ሚስት ከመጀመሪያው የተዛባ ውርርድ ነው የገቡት። ባል ቀድሞ ሲያሸንፍ የሚያወራውን ጉራ የሰማ ሁሉ ይህንን ያስታውሰው።

ሶደሬ የማይደርስ ሰው ጂም ውስጥ ያለውን ማሽን ይወጣል። በባዶ እግር ይቆሙበታል፤ የማይሰማ ቀጭን የኤሌክትሪክ ፍሰት በአንድ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ውኃ የሞላበት ጡንቻ ያሳልፈዋል፣ ስብ ያስቸግረዋል፤ ማሽኑም ከችግሩ መጠን ተነሥቶ ይገምታል። ውኃ ሳይጠጣ የመጣ ሰው ስለዚህ ከትናንት ዛሬ የወፈረ መስሎ ሊታይ ይችላል። በወረቀቱ ግርጌ ላይ ደግሞ «የሰውነት ዕድሜ» የሚል መስመር አለ። መታወቂያው 38 የሚለውን ሰው ማሽኑ 51 ይለዋል። ለጡረታ ግን የማሽኑ አይያዝም።

ክሊኒክ ስንሄድ የሚጠብቀን ደግሞ ቢኤምአይ ነው። ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ይካፈላል፤ ከ25 ጀምሮ ያለው ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ያለው ውፍረት ይባላል። የሒሳቡ አባት አዶልፍ ኬትሌ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጂጋዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም። ሲፈልግ የኖረው «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል ነው፤ የማንንም ቦርጭ አልመረመረም። ስሙን ቢኤምአይ ያሰኙት እነ አንሰል ኪስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1972። የብዙ ሺህ ሰው ጤና በአንድ ዓይን ለማየት ጠቃሚ ነው። ለአንድ ሰው ግን ጥቆማ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሩጫ ዘመኑ 1.65 ሜትር ቁመትና 56 ኪሎ ገደማ ክብደት ነበረው፤ ቢኤምአዩ 20.6 ይመጣል። ቁመቱም ኪሎውም ልክ የኃይሌን የሚያህል፣ ከወንበሩ የሚነሣው ሻይ ሲጠራው ብቻ የሆነ የቢሮ ሠራተኛም ያው 20.6 ነው። ቀመሩ ሁለቱን አይለያቸውም፤ 10 ሺህ ሜትር ይለያቸዋል።

ከብዛቱ ሌላ ደግሞ የቦታው ጉዳይ አለ። ቅርጫ ላይ ከሥጋው ጋር የተያያዘው ጮማና ሆድ ዕቃውን የሸፈነው ሞራ ለየብቻ እንደሚታዩ ሁሉ፣ የሰውም ስብ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው። ከቆዳ በታች የሚተኛው በጣት ቆንጥጠን የምንይዘውና የምናማርረው ነው፤ ሆኖም ሲነጻጸር ጨዋ ነው። አስቸጋሪው ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚጠራቀመው ነው። ዓይነት ሁለት የሚባለው የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ከእሱ ጋር ይያያዛሉ፤ እጅና እግሩ ቀጭን በሆነ ሰው ሆድ ውስጥም ተደብቆ ይገኛል። ድሮ ሞራ ገላጭ የበሬውን ሞራ ዘርግቶ መጪውን ዘመን ይናገር ነበር። ዛሬ ሐኪሙ የእኛኑ ሞራ በማሽን አይቶ መጪውን ዘመናችንን ይነግረናል፤ ሙያው ያው ነው፣ በሬው ብቻ ተለወጠ። ማሽን ለሌለው ደግሞ ሜትር ይበቃል፤ የወገብ ዙሪያ ከቁመት እኩሌታ እንዳይበልጥ መጠበቅ ነው። 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ወሬውን ትቶ እግሩን ያንሣ።

እግራቸውን ያነሡትን ማየት የፈለገ ማለዳ መስቀል አደባባይ ይሂድ። ደረጃውን የሚወጡና የሚወርዱ፣ ከእነሱም ውስጥ ሆዳቸውን በላስቲክ የጠቀለሉ አሉ። ላስቲኩ ላብ ያወጣል፤ ላብ ደግሞ ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ ይመለሳል። ታዲያ ስቡ ሲቃጠል ወዴት ይሄዳል? ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን በኬሚስትሪ ሒሳብ አስልተው አሳይተዋል፤ ከ10 ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፣ የቀረው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። ቦርጭ የሚወጣው በአፍንጫ ነው ማለት ነው! ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በኃይል መተንፈስ ጀምሮ ነበር፤ ራሱን አዞረውና ተወው። ትንፋሹ ስብ የሚጭነው ጡንቻ ሲሠራ ወይም ሰውነት ከሚያወጣው ያነሰ ሲበላ ነው።

«በአንድ ሳምንት 4 ኪሎ ይቀንሱ» የሚለውም ማስታወቂያ የሚሸጥልን በአብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራና ዳቦ ሲቀር ጎተራው ይጎድላል፣ ውኃውም አብሮ ይሄዳል፣ ሚዛኑ ያጨበጭባል። የፋሲካ ለት ድፎ ዳቦውና ጨው ያልጎደለበት ወጥ ሲመጣ ሁሉም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ «55 ቀን ጾሜ የቀነስኩትን በሁለት ቀን መለስኩት፤ 3 ኪሎ ወፈርኩ» የሚል ሰው ይረጋጋ። አንድ ኪሎ የገላ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 3 ኪሎ ስብ በሁለት ቀን ለማፍራት ከቀለቡ በላይ 23 ሺህ ካሎሪ መብላት ነበረበት፤ ይህን ያህል የሚበላ እንግዳ ደግሞ ጎረቤቱ በር ይዘጋበታል።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን የማይነቃነቅ ኪሎ ነው። አንድ አጎት አሉኝ፤ በየበዓሉ ጠላው እንደተቀዳ የሚናገሩት ነገር አይለወጥም፤ «እኔ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ 68 ኪሎ ነኝ፤ አንዲት ግራም አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ።» እውነታቸውን ነው። ችግሩ ሰውነት ዝም ብሎ አለመቀመጡ ነው። ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ የማይሠራበት ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚቀንስ ይገመታል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፋጠናል። የለቀቀውን ቦታ ስብ ቀስ እያለ ይረከባል፣ ድምሩ ያው ሆኖ ይቀጥላል። ክብደት እያነሡ ጡንቻን መልሶ ማበርታት በሽምግልናም ይቻላል፤ አጎቴ ግን ያነሡት ነገር ቢኖር ይህንኑ የ68 ኪሎ ጨዋታ ነው።

ልጃቸውን ሊድሩ ሲዘጋጁ ታዲያ «ምን ብር ያስወጣል? የራሴ የሠርግ ሙሉ ልብስ አለልኝ» ብለው ከሳጥን አወጡት። ሱሪው አልቆለፍ አለ። ይዘውት ልብስ ሰፊው ጋ ሄዱ፤ አብሬያቸው ነበርኩ።

«ጨርቁ ገብቷል» አሉት።

ሰፊው ኮቱን አልብሶ ዞር ዞር እያለ አያቸው። ትከሻው ላይ ጨርቁ ተርፎ ተንጠልጥሏል፤ እጅጌው ክንዳቸው ላይ ይወዛወዛል። «ጋሼ፣ ጨርቁ ከገባ ትከሻው ለምን ሰፋ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ እንደሁ 68 ኪሎ ነኝ፤ ያኔም 68፣ ዛሬም 68!»

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በወገባቸው ዙሪያ አዞረው፤ ቁጥሩን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ጻፈ። «ልክ ነዎት ጋሼ፤ ኪሎዎ ያው ነው። ሰፈር ነው የቀየረው፤ ከትከሻ ለቆ ወገብ ገብቷል።»

አጎቴ ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ ወደ ድሮ ሰፈሩ መመለስ አትችልም?»

«እሱ የእርስዎ ሥራ ነው» አለ ሰፊው፤ «እኔ ለሄደበት ቤት አሰፋለታለሁ።»